ሁለት ሲሶ፦ ደሴ ውስጥ ከአንድ የታራሚዎች ክፍል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ መጀመሪያ

በማረሚያ ቤቱ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ የማስተምርበት ክፍል ከሽመናው ቤት ጎን ነው። ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን ሲያመላልሱ እኛ ጋ ይሰማል። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ የተቀባ ነው፤ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ ስለሌለ ደብተር የሚቀመጠው ጭን ላይ ነው። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ቤቱ ይጨልማል። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ ጥቂት ነገር፣ ግን በትልቁ።

የሚገባውንና የማይገባውን ከፈታሾቹ ጋር በር ላይ ተነጋገርን። ደብተር፣ ጠመኔ፣ እርሳስ ይገባል፤ መቅረጫ ምላጭ ስላለው አይገባም። እርሳሱን ማታ ቤት ቀርጬ አመጣለሁ፣ የደነዘዘውን ይዤ እመለሳለሁ። «በእስክሪብቶ አትገላገልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ለጀማሪ እጅ እርሳስ ይሻላል፤ የሚጠፋ ነገር ለመጻፍ ሰው አይፈራም።

የተመዘገቡት አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ። የጅቡቲን መስመር ሲመላለስ የኖረ አንድ የከባድ መኪና ረዳትም አለ፤ ቤተሰቡ ኮምቦልቻ ነው። በምን ወንጀል እንደገቡ አልጠይቅም። ራሳቸው ከነገሩኝ እሰማለሁ፣ እዚህ ግን አይጻፍም።

ሁሉንም «ማንበብ የማይችሉ» ብሎ አንድ ላይ መመዝገብ ለሪፖርት ይመች ይሆናል እንጂ ለማስተማር አይሆንም። አንድ ካርድ እያሳየሁ ለየብቻ ሳናግራቸው ሦስት ዓይነት ሰው አገኘሁ። አንደኛው ፊደል ፊት ቀርቦ የማያውቅ ነው። ሁለተኛው በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚያወርድ፣ ከመሀል አንዱን ነጥለው ሲያሳዩት ግን እንደገና ከሀ ጀምሮ ካልወረደ የማያገኘው። ሦስተኛው ተምሮ የረሳ።

ከዚህ ከሦስተኛው ወገን አንድ አዛውንት አሉ፤ ክፍሉ «አባባ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ጎረምሳ ነበሩ። ፈተናውን አልፈው የምስክር ወረቀት ወስደዋል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ያስተማረ፣ ዩኔስኮም የሸለመው ትልቅ ሥራ ነው። ያንን አልክድም። አባባ ግን ከፈተናው በኋላ የሚነበብ ነገር እጃቸው አልገባም። «ቀበሌው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነበር፤ እሱም ዝናብ መታው» አሉኝ። አሁን የስማቸውን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ይጽፉና ሦስተኛው ላይ እጃቸው ይቆማል።

የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራሙ ከ15 እስከ 60 ዓመት ላለ ሰው ነው ይላል። አባባ አልፈውታል። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ጥቅምት፣ ሁለተኛ ሳምንት

የፊደል ገበታውን ቅደም ተከተል ተውኩት። 33 ፊደላት በሰባት 231 ነው፤ በተርታ ከሄድን የመጀመሪያውን ትርጉም ያለው ቃል ሳናነብ ገና ይመሻል። የጀመርኩት በበ፣ በሰ እና በከ ነው። ምክንያቱ ቅርጻቸው ነው። ካዕቡ (ቡ) ወገቡ ላይ በቀኝ ይቀጠላል፤ ሣልሱ (ቢ) እግሩ ሥር፤ ራብዑ (ባ) ግራ እግሩ ያጥራል፤ ኀምሱ (ቤ) እግሩ ሥር ቀለበት ያስራል፤ ሳብዑ (ቦ) ደግሞ ቀኝ እግሩን ያሳጥራል። በእነዚህ ሦስቱ ይህን ያየ ሰው ሌላውን ግማሽ በግምት ያገኘዋል። የሚያስቸግረው ሳድሱ (ብ፣ ስ፣ ክ) ነው። ሕግ የለውም፤ አንዱ በግራ ይቀጠላል፣ ሌላው አናቱ ይሰበራል። ይባስ ብሎ በጽሑፍ ላይ የሚበዛው እሱ ነው። ሳድስን በየቀኑ፣ ለብቻው።

ከነዚህ ከሦስቱ ብቻ ስንት ቃል ይወጣል! በሶ፣ ኪስ፣ ካሳ፣ ካባ፣ ሰበሰበ፣ ክስ። «በሶ» ሲነበብ ሁሉም ሳቀ፤ ጠያቂ የሚያመጣው ስንቅ እሱ ነውና። «ክስ» ላይ ስንደርስ ረዳቱ «ቲቸር፣ እዚህም ተከተለን?» አለ። ለካ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ አይቶት የሚያውቅ ብቻ አልነበረም።

ኅዳር

አንድ የኩታበር ገበሬ መምጣት አቆመ። «ራሴ አይቀበልም፣ ወጣት ይማር» ብሎ ላከብኝ። ሰውየው ጭንቅላቱ ስል ነው፤ የእህል ሒሳብ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ግቢው ውስጥ አግኝቼ ካርዱን ሰጠሁት። ክንዱን ዘርግቶ አራቀው፤ ከዚያ አነበበ።

እሱን ካየሁ በኋላ ሁሉንም ፈተሽኩ። ዕድሜ ወደ 40ዎቹ ሲገባ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየደነደነ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ማጥራት ያቅታል። በሬን ከኮረብታው ማዶ የሚለይ ገበሬ ደብተሩ ላይ ያለው ፊደል ይደበዝዝበታል፤ እሱ ግን ዓይኔ ደህና ነው ብሎ ስለሚያምን ጥፋቱን አእምሮው ላይ ይጥላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ካርዱን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ መያዝ፣ ካልታየው እያራቀ እንዲሞክር ማድረግ። ሲያርቀው የሚጠራለት ከሆነ የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል።

ፒያሳ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ገዛሁ። ክፈፉ ፕላስቲክ፤ ብረቱ በር ላይ ያነጋግራል። 45 ገደማ ለሆነው +1.50፣ ለ50ዎቹ +2፣ ለአባባ +2.50። የአንዱ ግን በየትኛውም አልጠራም፤ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፣ የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም። ለክሊኒኩ ነገርኩ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ስላለው ቀጠሮ ይያዝለታል ተብሏል።

የኩታበሩ ሰው ተመልሷል። ስለ ራሱ «አይቀበልም» ማለቱን ትቷል፤ አሁን የሚማረረው በእርሳሱ ነው።

አስተያየቴን ልጻፍ፦ ጎልማሳ ክፍል ከፍቶ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ መከራከር በኋላ ይደርሳል። በመጀመሪያ መነጽር።

ኅዳር፣ መጨረሻ

ከተማሪዎቼ አንዱ የሆኑት ሼኽ ዛሬ አስተማሩኝ።

ቁርኣን የቀሩ (ማንበቡን የተማሩ)፣ ረዘም ያለ ዕድሜ መድረሳ ያሳለፉ ሰው ናቸው። መዝገቡ ግን «ያልተማረ» ይላቸዋል። እስካሁን ትንሽ ያስቸገራቸው የእጃቸው አቅጣጫ ነበር፦ መስመሩን ከቀኝ ይጀምራሉ፣ ደብተሩንም ከኋላ ይገልጣሉ። ቀስት እየሳልኩ አስጀመርኳቸው እንጂ ብዙ አልተናገርኩም።

ዛሬ ስለ ካዕብና ሣልስ ስደጋግም ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ይቺ እኮ ደማ ናት» አሉ፤ የዐረብኛውን የ«ኡ» ምልክት ማለታቸው ነው። ወደ ሰሌዳው ጠራኋቸው። በ ላይ ጣታቸውን አደረጉና፦ ይቺ ፈትሃ፤ ቡ ደማ፤ ቢ ከስራ፤ ባ ፈትሃዋን አሊፍ ያስረዘማት፤ ብ ደግሞ ሱኩን። ቤ እና ቦ ላይ ቆም ብለው «እነዚህ የኛ ናቸው» አሉ። ዐረብኛው አናባቢውን ከፊደሉ በላይና በታች በምልክት ያስቀምጣል፤ የእኛው ራሱ ፊደሉ ላይ ይቀጥለዋል። ቁርኣን የቀሩት ሌሎቹ ወዲያው ገባቸው። የሰባቱን ረድፍ ሥርዓት እኔ በብዙ ድካም ላስረዳ የፈለግኩትን እሳቸው በአንድ ጣት አስረዱት።

ወሎ ውስጥ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ፣ ዐጀሚ የሚባለው፣ የቆየ ልማድ ነው፤ ስንትና ስንት መንዙማ ተጽፎበታል። ሼኹ ከደብተራቸው ጀርባ በዐጀሚ ማስታወሻ ይይዛሉ፦ የጠያቂ ቀን፣ ያበደሩት ሳሙና። ከዛሬ ጀምሮ መዝገቤ ላይ «ያልተማረ» የሚለውን ሰርዤ «ሌላ ፊደል የሚያነብ» ብያለሁ። የሚሰጣቸው ትምህርትም ይለያል፤ ፊደል እንዴት ድምፅ እንደሚሆን አይነገራቸውም፣ ቅርጹ ብቻ ነው የጎደላቸው።

ታኅሣሥ

ሒሳብ። መጽሐፉ «አንዲት ሴት 5 ብርቱካን ነበራት» ይላል። ዘለልኩት። እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው ተኝቶ ሲነሳ የሚያስበው ክፍልፋይ አንድ ብቻ ነው፦ ሁለት ሦስተኛ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 አመክሮ (ቅጣቱ ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ መፈታት) የሚፈቅደው፣ ሌላው ሁኔታ ሲሟላ፣ የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት። ፊደል የማይቆጥር ታራሚም ይህን ቁጥር በሌሊት ቢቀሰቅሱት ይነግርሃል።

«ሁለት ሦስተኛ» ብዬ 2/3 ስጽፍ ዝም አሉ። «ሁለት ሲሶ» ስል ሁሉም ተናገረ። መሬት ለሲሶ ያረሰ፣ ለእኩል ያረሰ፣ ለእርቦ የሰጠ ሰው ነው የተቀመጠው። ከመስመሩ በታች ያለው 3 አዝመራው ስንት ቦታ እንደተከፈለ፣ ከላይ ያለው 2 ስንቱን ድርሻ እንደወሰድክ ነው። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ሰባት ዓመት የተፈረደበት አለ እንበል። 84 ወር፤ ሲሶው 28፤ ሁለት ሲሶው 56፤ ያ ማለት 4 ዓመት ከ8 ወር። ሰሌዳው ላይ እንደጨረስን ከወረኢሉ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰው እጁን አወጣ፦ «ጳጉሜንስ? እኛ ጳጉሜንን ታስረን አይደለም እንዴ የዋልነው?»

ክፍሉ ተነሳ። እውነትም በ12 ወር ስናባዛ ጳጉሜን የትም የለችም። እንግዲህ በቀን እንሥራው ተባለ። ሰባት ዓመት፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት አንድ ዓመት ካለው 2,556 ቀን ነው፤ ሁለት ሲሶው 1,704። በሌላ በኩል አራት ዓመት 1,461 ቀን፣ ስምንት ወር 240፤ ድምሩ 1,701። የሦስት ቀን ልዩነት! ረዳቱ ደግሞ ስምንቱ ወር ራሱ ጳጉሜንን አቋርጦ ካለፈ 1,706 እንደሚሆን አሳየ። ስለዚህ መልሱ በየትኛው ወር እንደተያዝክ ይለያያል ማለት ነው። ለውጪ ሰው ሦስት ቀን ምንም አይደለም። እዚህ ግን ሰዓቱ አልቆ ፖሊሱ «ቆጠራ ነው» እያለ ሲጠራ እንኳ የሚያካፍሉ ነበሩ።

ሕጋዊው ስሌት የመዝገብ ክፍሉ ሥራ ነው፤ እኔ የማስተምረው ማካፈል ነው፣ ይህንንም ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ለሦስት ማካፈልን ሰው ሳይለመን ሲሠራ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ጥር

ቀጭን ወር። በዓሉ፣ ጠያቂው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮው፣ ዝውውሩ። ጥሩ አንባቢ ሊሆን የነበረ ልጅ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛወረ። እስከየት እንደደረሰ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት፤ የሚቀበለው አስተማሪ ከሀ እንዳያስጀምረው።

ሸማኔዎቹ አይመጡም። ሸማ ብር ያመጣል፣ እኔ አላመጣም፤ አልፈርድባቸውም። አንድ የግቢው ኃላፊ «ግዴታ እናድርገው?» ብለው ጠየቁኝ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው፣ የእስረኞችን አያያዝ የሚመለከቱት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ ቁጥር 104 ላይ፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እስረኞች ትምህርት ግዴታ ይሁን ይላሉ። እኔ ያንን የማነበው መንግሥት ላይ የተጣለ ግዴታ አድርጌ ነው። በትእዛዝ የተቀመጠ ጎልማሳ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፦ ይቀመጣል። ለሸማኔዎቹ ማታ ከቆጠራ በፊት ያለችው ሰዓት እንድትፈቀድ ጠየቅኩ። ተፈቀደች።

የካቲት ወደ መጋቢት

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በ22 ተከተለ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ያንቀላፋል። ትምህርቱን ወደ ጠዋት አዞርን፣ ደቂቃውንም ቀነስን።

አሁን ወደ ወረቀት ገብተናል። የራሱን የፍርድ ግልባጭ ማንበብ የሚፈልግ ይዞ ይምጣ ብዬ ነበር። ለክፍሉ ግን የማንንም አላነበብኩም፤ ስምና ጉዳይ የሌለበት አንድ ገጽ ራሴ በዚያው ቋንቋ ጻፍኩ፦ «ተከሳሹ በእጁ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ በሚታሰብ የ7 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ተወስኗል።»

ሁለት ነገር አስቸገረ። አንደኛው እዝባር (/) ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት በእሱ የተሞላ ነው፦ መ/ቁ፣ ዐ/ሕግ፣ ፍ/ቤት፣ ወ/ሕ/ቁ፣ ዓ/ም። ድምፅ እያገጣጠመ የሚያነብ ጀማሪ «ፍ… ቤት» ብሎ ይቀራል። አስተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያየው ያልፋል፤ ዓይናችን ለምዶታል። ምህጻረ ቃላቱን በካርቶን ጽፌ፣ ሙሉውን ከጀርባው አድርጌ፣ በየቀኑ እንደ ካርታ እናዞራቸዋለን።

ሁለተኛው ዲቃላ ፊደላት ናቸው። በገበታው ከሁሉ በታች፣ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል የሚመጡት ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ የሚዘጋው ግን በእነሱ ነው፦ ተወስኗል፣ ቀርቧል፣ አምኗል፣ ፈጽሟል፣ ተረጋግጧል። ኗ፣ ቧ፣ ሟ፣ ጧ የማያውቅ ሰው ገጹን ሁሉ አንብቦ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ይቀራል። ወደ ፊት አመጣኋቸው። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ መሰጠት ያለባቸው ይመስለኛል።

ስለ ሞክሼዎቹ፦ ሰ/ሠ፣ አ/ዐ፣ ሀ/ሐ/ኀ፣ ጸ/ፀ። ሲያነቡ ሁሉንም ያውቁ፣ ሲጽፉ ደስ ባላቸው ይጻፉ። ለዚህ ቀይ እስክሪብቶ አላወጣም።

አንድ ቀን ከክፍል በኋላ የደላንታው ሰው የራሱን ግልባጭ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየገፋ ሄደ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመና «ይህን እኔ አልተናገርኩም» አለ። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ጠበቃ የሚያገኝበትን መንገድ የሕግ ጉዳዩን ለሚከታተሉት ሰዎች ነግሬለታለሁ። እስካሁን ግን ግልባጩን ያነበበለት ሁሉ ይህን መስመር ዘልሎት ኖሯል።

ሚያዝያ

የሴቶቹ ግቢ። ቁጥራቸው ያነሰ ነው፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸው አብረዋቸው ናቸው፤ ሕፃን ሲያለቅስ ትምህርት ይቆማል፣ ደህና ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት የአለላውን ቀለም የምታገባው በቁጥር ስለሆነ ብዜቱን በጣቶቿ ታውቀዋለች፤ እኔ ምልክቱን ብቻ ጨመርኩ። ብዙዎቹ ከፊደል በፊት የጠየቁኝ ስልክ ቁጥር ነው። ባለ 10 አሃዙን የእናቷን ወይም የእህቷን ቁጥር፣ ከ09 ጀምሮ፣ ራሷ ጽፋ ለማስደወል። ቁጥሮቹን ከ0 እስከ 9 በዚያው ጨረስን። እዚህ ክፍል ሴት አስተማሪ ብትሆን ይሻላል፤ አንዲት ባልደረባዬን እያግባባሁ ነው።

ግንቦት

እኔ ሳልመጣ ክፍሉ እንዲከፈት ከታራሚዎቹ መካከል የሚያስተምሩ ያስፈልጋሉ። አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ሁለት ወጣቶች ተመረጡ። ጎበዞች ናቸው፤ ችግራቸው ፍጥነት ነው። አንዱ አባባ ሲዘገዩ ቃሉን ይነጥቃቸዋል። «ሰውዬው አፉን እስኪከፍት ውስጥህ እስከ አምስት ቁጠር» አልኩት። ሼኹን ደግሞ ሦስተኛ አስተማሪ አድርጌያቸዋለሁ፤ ገና እያነበቡ ያሉ ሰው ናቸው፣ ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻሉት ግን እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሳሳት «አብሽር» ብለው እንደገና ያስጀምሩታል።

የመዝገብ ክፍሉ ሰው አንድ ጠዋት መጥቶ ለየሰዉ የራሱን የስሌት ወረቀት አሳየ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ራሳቸው አነበቡ። ከዚያ ሁሉም ደብተሩን አውጥቶ ከራሱ ጋር ማመሳከር ጀመረ። የጳጉሜንን ነገር የወረኢሉ ሰው ቀጥታ ጠየቀው፤ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። መልሱን ለኔ አልነገረኝም፣ ፊቱ ግን አልከፋም።

ሰኔ

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ እሱ ሲጀምር ዝም ብሎ ማንበብ ይሆናል። ያለፉ የ«በኩር» ጋዜጦችን ሰብስቤ አስገባሁ። አርዕስቱን የሚያነብ አለ፣ የእግር ኳሱን ገጽ ብቻ የሚፈልግ አለ። አባባ ጋዜጣውን መልሰው አይሰጡም፤ አጣጥፈው ፍራሻቸው ሥር ያደርጉታል። እኔም አልጠይቃቸውም።

ለሐምሌ የሚያስፈልገው፦ +2.50 መነጽር ተጨማሪ፣ ባለ ካሬ ደብተር ለሒሳብ፣ ለሁለቱ ወጣቶች ጠመኔ በአደራ። ረዳቱ ሌላ ነገር ጠይቆኛል። ሲወጣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይፈልጋል፤ መንዳቱን ይችለዋል፣ የሚፈራው የጽሑፍ ፈተናውን ነው። የመንገድ ምልክቶቹን መጽሐፍ ማስገባት ይቻል እንደሆነ በር ላይ ጠየቅኩ። ይገባል ተብሏል፤ ፎቶ ኮፒው ግን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩን ከሰማያዊው ለመለየት ባለቀለም እርሳስ መግዛት አለብኝ፣ እሱንም ቀርጬ።